ለኮራል የሚለካው ብርሃን ለስማዳ ተማሪ ለምን አይለካም?

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ከተሞች ሳሎናቸው ውስጥ የጨው ውሃ ገንዳ አስቀምጠው ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። ገንዳው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ከአንድ የልብስ ሻንጣ አይበልጥም። ኮራሉም ጡጫ ቢያክል ነው። ባለቤቱ ለዚህች ፍጥረት የኤልኢዲ መብራት ሲሰቅል የሚወስደው ጥንቃቄ ግን ለቀዶ ጥገና ክፍል የሚደረግ ይመስላል።

ምክንያት አለው። ኮራል እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ አልጌዎች በብርሃን ምግብ ይሠሩለታል። ብርሃኑ ካነሰ ይራባል። ድንገት ከበዛበት ደግሞ አልጌዎቹን ከሰውነቱ አስወጥቶ ይነጣል፤ ሳያገግም የሚሞትበት ጊዜም ብዙ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ መብራቱ ከውሃው በላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚሰቀል ያሰላል። ብርሃኑን የሚለካው አምፖሉ ሥር ቆሞ አይደለም፤ መለኪያውን ውሃ ውስጥ አስገብቶ ኮራሉ የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ነው። አዲስ መብራት ሲገጥም በዝቅተኛ ኃይል ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ከፍ ያደርገዋል። በቀን ስምንት ወይም ዐሥር ሰዓት ብቻ እንዲበራ ሰዓት ቆጣሪ ያስርለታል። የብርሃኑን ቀለም ሳይቀር ይመርጥለታል።

ይህ ሁሉ ለአንዲት የባሕር ፍጥረት ነው፤ ነውርም የለበትም። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የገጠር ቀበሌዎች ለሚያጠና ልጅ የፀሐይ መብራት ሲታደል ወይም ሲሸጥ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም አይነሣም። ብርሃኑ ደብተሩ ላይ ስንት ይደርሳል? ለስንት ሰዓት? በየትኛው ወር? ከየት ተሰቅሎ? ሪፖርቱ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስንት ፍሬ ታደለ?»

ፍሬ ቆጥሮ መብራት አዳረስኩ ማለት ዘር ሳይበቅል ምርት ሰበሰብኩ ማለት ነው።

▪️ አንድ ቺፕ፣ ሁለት ዓለም

በኮራሉ ገንዳ ላይ የተሰቀለው መብራትና የጋይንት ገበሬ በጨለማ የጠፋች ላሙን የሚፈልግበት የእጅ ባትሪ የአንድ ፈጠራ ልጆች ናቸው። ቀይ ኤልኢዲ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነበር። ሰማያዊው ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ተመራማሪዎችን አስቸገረ። በጃፓን የተወለዱት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ1990ዎቹ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ አሳክተው በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ «ነጭ» የሚባለው የኤልኢዲ መብራት በአብዛኛው ሰማያዊ ቺፕ ላይ ቢጫ የሚያበራ ቅብ የተደረገበት ነው።

የኖቤል ኮሚቴው ሽልማቱን ሲያስታውቅ ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ መብራት ትንሽ ኃይል ስለሚበቃው የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሳቸው ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በፀሐይ ኃይል ሊሠራ ይችላል የሚል ነበር። ስለዚህ ፈጠራው ለስማዳ ልጅ የተረፈ ፍርፋሪ አይደለም። ገና ከጅምሩ ስለ እርሱ ተብሎ የተመሰገነ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? የባሕር ውሃ ቀዩን ብርሃን በጥቂት ሜትር ውስጥ ይውጠዋል፤ ሰማያዊው ጠልቆ ይሄዳል። ኮራልም ከዚሁ ጋር ተስማምቶ ስለኖረ ሰማያዊ ብርሃን ይወዳል። የሰው ዓይን ግን ባሕር ውስጥ አልኖረም። ሰማያዊ ያመዘነበት ቀዝቃዛ ነጭ ብርሃን ማታ ማታ ዓይን ይወጋል፤ እንቅልፍ የሚያመጣውን ሆርሞንም ያዳክማል። ለማታ ጥናት የሚመከረው ወደ ቢጫ የሚያደላ ሞቅ ያለ ነጭ ነው። ርካሹ የገበያ መብራት ግን ብዙውን ጊዜ ያ ሰማያዊ የሚመስለው ነው፤ ለአምራቹ በትንሽ ኃይል ብዙ ብርሃን ያወጣለታል፣ ለገዢውም የበለጠ የደመቀ ይመስለዋል። በአጭሩ፣ ኮራል የሚወደው ቀለም ለልጅ ተሰጠ፤ ለኮራል የሚደረገው ልኬት ግን አልተሰጠውም።

▪️ ማታው ነው ትምህርት ቤቱ

በዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨልማል። በእስቴ ወይም በታች ጋይንት ገጠር ያለ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ከብት ያስገባል፤ እኅቱ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች። ለደብተር የሚተርፈው ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። ያ ሦስት ሰዓት ጨለማ ከሆነ ልጁ ቀን የሰማውን ይዞ መተኛት ነው።

የጋይንት ምድር ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቤተልሔም የድጓ ምስክር፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆኑት እዚሁ ነው። ሊቃውንቱ ለጨለማ መላ ነበራቸው። ንባቡና ጽሕፈቱ ለቀን፣ የቃል ትምህርቱ ለማታ። ተማሪው ደጅ ተቀምጦ መምህሩ ያለውን ተቀብሎ እየደጋገመ በጆሮው ይይዛል። ብርሃን ስላልነበረ ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ ከጨለማው ጋር ታርቆ ተሠራ። በዚያ መንገድ አገር የሚኮራባቸው ሊቃውንት ወጥተዋል።

የዛሬው ትምህርት ግን እንዲህ ያለ እርቅ አያውቅም። የፊዚክስ ሥዕላዊ መግለጫ በጆሮ አይያዝም። የኬሚስትሪ ሠንጠረዥ፣ የጂኦግራፊ ካርታ፣ የሒሳብ ቀመር በዓይን ካልታየ የለም። መንግሥት በዓይን የሚማሩትን ትምህርት ለልጁ ሰጠው፤ ዓይኑ የሚያይበትን ብርሃን ግን የገበያ ዕድል ላይ ጣለው።

ከዚያ ፈተና ይመጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ መብራት ብቻ ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። የመምህር እጥረት አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ጦርነት አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተስፋፋው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ነገር ግን ትምህርት ቤት በተዘጋበት አገር ለልጅ የሚቀረው ትምህርት ቤት ቤቱ ነው፤ የቤቱም የትምህርት ሰዓት ማታ ነው። ችግር በበዛ ቁጥር የመብራቱ ጉዳይ ይብሳል እንጂ አይቀልም።

ጉዳዩ የተማሪ ብቻም አይደለም። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት የምትገላገልበት ጎጆ፣ አዋላጇ የምታይበት ጤና ኬላ፣ ሕፃን ሲታመም መድኃኒቱ የሚለካበት ማንኪያ ሁሉም ያንኑ ብርሃን ይጠብቃሉ።

▪️ የዓባይን ልጅ…

ጉና ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሞ ውሃውን ለዙሪያው ያካፍላል። ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። የስማዳና የታች ጋይንት ወንዞች ወደ በሽሎ ይገባሉ፤ በሽሎም ዓባይን ይቀላቀላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከሚያዞረው ውሃ ውስጥ የእነዚህ ወረዳዎች ድርሻ አለበት። ቦንድ የገዛው የእነዚህ ወረዳዎች ገበሬና መምህርም አለበት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ተረት ዛሬ መብራት ጠማው ተብሎ ቢነገር ማን ይከራከራል?

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 መላው ሕዝብ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኝ አስቦ ነበር። 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ ባለ ኃይል፣ በተለይም በፀሐይ። 2025 መጣ፣ ሄደም። ዛሬም ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሹ አካባቢ ነው፤ ያልደረሰው ደግሞ በአብዛኛው ገጠሬው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በዚያ ዕቅድ ውስጥ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። ከሦስት ኢትዮጵያውያን ከአንድ በላይ የሚሆነው መብራት የሚያገኘው ከግድብ ሳይሆን ከትንሽ ፓነል፣ ከትንሽ ባትሪና ከኤልኢዲ አምፖል ነው ተብሎ ታቅዷል። ማለትም የዚያች ትንሽ መብራት ጥራት የጎንዮሽ ጉዳይ አይደለም፤ የአገሪቱ የኃይል ፖሊሲ ሢሶ ነው። ስለ ግድቡ ተርባይን ስንት መጣጥፍ ተጻፈ? ስለዚህች መብራት ስንት?

መስመር የገባባቸው የወረዳ ከተሞችም ቢሆኑ ገመድ አለ ማለት መብራት አለ ማለት እንዳልሆነ ያውቁታል። ልክ በማጥኛው ሰዓት የሚጠፋ ኃይል፣ ሲመለስ ደግሞ ከፍ ዝቅ እያለ የአምፖሉን የውስጥ ዕቃ የሚያቃጥል ኃይል፣ በቆጠራ «መብራት ያገኘ» ይባላል።

▪️ ምን እየተሸጠ ነው?

ድሮ ኩራዝ ነበር። ኩራዝ የሚሰጠው ብርሃን ዐሥር ሉመን ቢደርስ ነው፤ ሉመን ማለት መብራቱ በጠቅላላ የሚያወጣው የብርሃን መጠን ነው። በኩራዝ ላይ የተደረገ ጥናት ከሚቃጠለው ላምባ ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚሆነው ጥቀርሻ ሆኖ እንደሚወጣ አሳይቷል። ያ ጥቀርሻ የሚገባው አንገቱን ደፍቶ በሚያነበው ልጅ አፍንጫ ነው። ኩራዝን የሚናፍቅ የለም።

ከዚያ በድንጋይ የሚሠራ የእጅ ባትሪ መጣ። ላምባውን አስቀረ፤ ግን የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ድንጋይ መግዛት ግድ ሆነ። ያለቀው ድንጋይ ደግሞ ማሳ ዳር፣ ምንጭ ዳር ይጣላል። የሚሰበስበው የለም።

ቀጥሎ የፀሐይ መብራት መጣ። ከእነዚህ መካከል ጥሩዎች አሉ፤ ዓመታት ያገለገሉ አሉ። ችግሩ ጥሩውና ብላሹ አንድ መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ዓይነት ካርቶን ውስጥ መቀመጣቸው ነው። የብላሹ ጠባይ የታወቀ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ፓነሉ ላይ የለም። የባትሪው አቅም በቁጥር የገዘፈ፣ በሥራ የመነመነ ነው። የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት አንጸባርቆ ከዚያ እየፈዘዘ ይሄዳል። ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላና እንዳይራቆት የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ የለውም፤ ስለዚህ ቶሎ ይሞታል። ሲሞት ደግሞ ሳጥኑ ተጣብቆ የታሸገ ስለሆነ አይከፈትም። ሃምሳ ሺህ ሰዓት ያበራል የሚለው ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ቺፑ ነው። ቺፑ አይዋሽም ይሆናል፤ ቀድሞ የሚሞተው ግን ባትሪው ነው። ፈረሱ ጤነኛ፣ ኮርቻው ብጥስጥስ።

ይህን መለየት የማይቻል ነገር ቢሆን ይቅርታ ይደረግ ነበር። ግን ይቻላል። የዓለም ባንክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ላይቲንግ አፍሪካ ብሎ በጀመረውና ከ2020 ጀምሮ ቬራሶል በሚባለው የጥራት ማረጋገጫ ሥርዓት አነስተኛ የፀሐይ መብራቶች በላቦራቶሪ ይፈተሻሉ። የሚፈተሸው ተራ ነገር ነው። የተጻፈው ብርሃንና ሰዓት እውነት ነው ወይ? ባትሪው ይጠበቃል ወይ? ብርሃኑ ከብዙ ሰዓት አገልግሎት በኋላ ምን ያህል ይቀንሳል? ለትንሿ መብራት ቢያንስ የአንድ ዓመት፣ ለቤት ሙሉ ስብስብ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዋስትናም ይጠይቃል። ሚዛኑ አለ ማለት ነው። የጠፋው ሚዛን ላይ የሚያወጣው ነው።

▪️ ሒሳቡ

ሒሳቡ የኮራል ጠባቂው የሚሠራው ያው ሒሳብ ነው። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይበተናል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል።

አንድ መቶ ሉመን የሚሰጥ መብራት ይወሰድ፤ አንድ ዋት ያህል ብቻ የሚበላ ነው። ይህ መብራት ያለ ምንም መከለያ ከጎጆው ምሰሶ ላይ ከደብተሩ ሁለት ሜትር ርቆ ቢሰቀል ደብተሩ ላይ የሚያርፈው ሁለት ሉክስ ያህል ነው። ሉክስ ማለት አንድ ቦታ ላይ ያረፈ ብርሃን መለኪያ ነው። ሁለት ሉክስ ከኩራዝ አይሻልም፤ ኩራዙ እንኳ በግማሽ ሜትር ርቀት ወደ አንድ ሉክስ ከፍ ዝቅ ሳይል ሦስት ሉክስ ይጠጋል። ያው መብራት ግማሽ ሜትር ላይ ቢቀርብ 32 ሉክስ ይሆናል፤ ዐሥራ ስድስት እጥፍ። ብርሃኑን ወደ ታች የሚመልስ ነጭ መከለያ ቢደረግለት ደግሞ ከ60 ሉክስ ያልፋል። መብራቱ ያው ነው፤ ባትሪው ያው ነው፤ ዋጋው ያው ነው። የተለወጠው አሰቃቀሉ ነው።

ጎጆው ደግሞ በጭስ የጠቆረ ነው። ጥቁር ግድግዳ ብርሃን ይጠጣል፤ በኖራ ወይም በነጭ አፈር የተለቀለቀ ግድግዳ ብርሃን ይመልሳል። ልጁ የሚያጠናበትን አንድ ጥግ መለቅለቅ ይረዳል።

ቀጥሎ ወሩ ነው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ የሚለው ፖስተር ነሐሴ ላይ ጉና ሥር ቆሞ ይነበብ። ደመናው ወፍራም፣ ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ ነው። በጥር የሚሠራ መብራት በነሐሴ ላይሠራ ይችላል። አንድ ዋት የሚበላ መብራት አራት ሰዓት እንዲበራ አራት ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በክረምት የሚገኘው ፀሐይ ከሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ጋር ቢተካከልና በመንገድ ላይ ወደ አርባ በመቶው ቢባክን፣ ፓነሉ በእውነት ከሁለት ዋት በላይ መሆን አለበት። «በእውነት» የሚለው ቃል ይሰመርበት።

ፓነሉም አቀማመጥ አለው። በእነዚህ ወረዳዎች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ። ስለዚህ ፓነሉ ወደ ደቡብ ጥቂት፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን አጥቦ ይወርዳል። ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የተለጠፈ፣ የባሕር ዛፍ ጥላ ያረፈበት ወይም ጠዋት ወጥቶ ተረስቶ በምሥራቅ በኩል የቀረ ፓነል ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው።

ይህ ሁሉ የአሥር ደቂቃ ማብራሪያ ነው። መብራት በሚታደልበት ቀን ለንግግር ከሚባክነው ሰዓት አሥር ደቂቃ ማን ሰጠው?

▪️ «ግን እኮ…»

የመጀመሪያው መልስ «ዋናው መስመር ሲመጣ ሁሉም ይፈታል» ነው። ይምጣ፤ እሰየው። ግን የዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል መስመሩን አይጠብቅም፤ ክፍሉን ጨርሶ ይሄዳል። የልጅ ዕድሜ እንደ ግንባታ ፕሮጀክት አይራዘምም።

ሁለተኛው «ከምንም ይሻላል» ነው። ለአንድ ሰሞን እውነት ነው። ግን በስድስት ወሩ የሞተ መብራት ከምንም አይሻልም፤ ሁለት ነገር ይዞ ይሞታል። አንዱ የገበሬው ገንዘብ ነው። ሌላው እምነቱ ነው። አንዴ የተታለለ ገበሬ በሁለተኛው ዓመት ጥሩው ሲመጣም «ያ ሶላር የሚሉት» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ጎረቤቱም ከእርሱ ይማራል። ብላሽ ዕቃ የጥሩውን ገበያ ይገድላል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ «ገበሬው ራሱ ርካሹን ነው የሚፈልገው» ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ገበሬ በሬ ሲገዛ አላየም። የስማዳ ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ሻኛውን ይደባብሳል፣ ያስኬደዋል፣ ቢችል ጠምዶ ይሞክረዋል፣ ዋስም ይጠራል። ዋጋውን የሚነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጥራት የሚያውቅ ሰው ነው። የታሸገ ባትሪ ግን ጥርስ የለውም። ማየት የማይችለውን ነገር መርምሮ ዋስ የመሆን ግዴታ የማን ነው? ፈቃድ የሰጠው፣ ያስገባው፣ ግዢ የፈጸመው አካል አይደለም ወይ? ገበሬው ርካሹን የሚመርጠው ውዱም ይሞታል ብሎ ስለሚጠረጥር ነው። ጥርጣሬው ደግሞ ምክንያት አለው።

▪️ ምን ይደረግ?

አዲስ ቢሮ አያስፈልግም። አዲስ ስትራቴጂም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

1️⃣ በሕዝብ ወይም በእርዳታ ገንዘብ የሚገዛ መብራት ሁሉ በታወቀ የጥራት ፍተሻ ያለፈ ይሁን፤ የጨረታው ሰነድ የሉመኑን፣ የሰዓቱንና የዋስትናውን ልክ በግልጽ ይጻፍ። ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ አሸናፊ አይሁን።

2️⃣ ዋስትናው በወረቀት ብቻ አይቅር። የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ ገበያተኛ የተበላሸውን ይዞ የሚሄድበት ሱቅ በዚያው ከተማ ይኑር። አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ዋስትና ዋስትና አይባልም።

3️⃣ ባትሪው በብሎን የሚፈታ ይሁን። በወረዳ ከተሞች ሞባይል የሚጠግኑ ወጣቶች አሉ፤ ባትሪ መቀየር ለእነርሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ይህን እንደ ሙያ ያስተምሩ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ በገበያው ያሉትን መብራቶች ገዝተው ይለኩና ውጤቱን በአማርኛ ያውጡ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርዕስ የለም።

4️⃣ መብራት ሲሰጥ አሰቃቀሉም ይሰጥ። ከደብተሩ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ልጅ በግራ በኩል፣ ዓይን እንዳይወጋ ተከልሎ፣ ጥጉ ተለቅልቆ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህር ይህን በአንድ ስብሰባ ማሳየት ይችላሉ።

5️⃣ ያለቀ ድንጋይና የሞተ ባትሪ የሚሰበሰብበት በርሜል በየገበያው ይቀመጥ። ብርሃን የሰጠ ዕቃ ምንጭ አይመርዝ።

6️⃣ ከሁሉ በላይ ቆጠራው ይቀየር። ለዚህም መለኪያው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ባለ ደረጃ መለኪያ አንድ ቤት የመጀመሪያዋን ደረጃ ለመርገጥ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ አንዱ በምሽት፣ አገልግሎት ማግኘት አለበት። ብርሃኑም በቀን አንድ ሺህ ሉመን ሰዓት፣ ለምሳሌ 250 ሉመን ለአራት ሰዓት፣ ሊደርስ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ሳይሆን የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በዚህ ቢለካ ዛሬ «ተዳረሰ» የተባለው ስንቱ ከዜሮ ደረጃ ይወጣል?

የኮራል ጠባቂው መብራቱን ከሰቀለ በኋላ ሥራው እንዳለቀ አይቆጥርም። በሳምንቱ ይመለከታል፤ ነጥቷል ወይስ አድጓል ብሎ ይጠይቃል። ኮራሉ መናገር ስለማይችል ባለቤቱ መለኪያ ይዞ ይናገርለታል። የስማዳ ልጅ ግን አፍ አለው፤ የጠፋው ጠያቂ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ መብራት ታደለ የሚል ዜና በመጣ ቁጥር፣ የታቀፉት ካርቶኖች ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር፣ ጋዜጠኛውም የምክር ቤት አባሉም ለጋሹም ፍሬውን ትተው አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦

በነሐሴ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ደብተሩ ላይ ስንት ሉክስ አለ?

መልስ የሌለው ሰው መብራት አላዳረሰም፤ ካርቶን ነው ያዳረሰው።